«ዶርም ከእነማን ጋር ደረሰህ?»

አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ ወንድ በቀላሉ ይለያል። ምግብ ሲቀርብለት ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል፤ ቢጠግብም ዳቦዋን ለብቻዋ ያስቀምጣታል። አምፖል ቢበራ፣ ሬዲዮ ቢጮኽ፣ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቢያወራ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሻወር ቤት ሳሙናውን ይዞ ይገባል፣ ሳሙናውን ይዞ ይወጣል። ሱሪውን ያለ ካውያ፣ ፍራሹ ስር አጥፎ በመተኛት ብቻ ይተኩሳል። መርካቶ መሃል አንድ ሰው «ሦስተኛ ዶርም!» ብሎ ቢጮኽ ደግሞ የያዘውን ጉዳይ ጥሎ ዞር ይላል።

እኔም ከነዚህ አንዱ ነኝ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማርኩት በደቡብ የአገራችን ክፍል በሚገኝ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሚሲዮኖች የሚያስተዳድሩት፣ ከየአቅጣጫው ተማሪ የሚቀበል ትምህርት ቤት ነበር፤ ስሙ ይቆየን። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ስማር መምህሮቻችን በግራፍ የሚያስረዱንን ነገር ግማሹን ዶርም ውስጥ አይቼው ነበር። ስለዚህ ዛሬ ስለዶርም ላውጋችሁ። ነገሩ ትዝታ ብቻ አይደለም። አገሪቱ ፊቷን እንደገና ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት እያዞረች ነው። ወሬው ሁሉ ግን ስለ ፈተና ውጤት ነው፤ ልጆቹ ማታ ከማን ጋር እንደሚተኙ ማንም ሲያወራ አልሰማሁም። ለኔ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

ከቆሎ ተማሪ እስከ ዊንጌት

አዳሪነት ከፈረንጅ የመጣ ነገር የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬም ነው። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከቀዬው ርቆ ስመ ጥር መምህር ፍለጋ ይሄዳል። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ አንዱን ሲጨርስ ወደ ሌላው ያልፋል። የሚያድረው ከጓደኞቹ ጋር በሚጋራት ጎጆ ነው። የሚበላውን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ለምኖ ያመጣል። አዲስ የገባውን ልጅ ቀድሞ የገባው ያስጠናዋል፤ መምህሩ ብቻውን ለሁሉም አይደርስማ። «ሲኒየር» እና «ፍሬሽ» የሚሉት ቃላት ሳይመጡ ነገሩ እኛ ዘንድ ነበር ማለት ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም መንገዱ ያው ሆነ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አዳሪዎች ነበሩት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1943 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1946 ደግሞ በብሪቲሽ ካውንስል የሚመራው ጀነራል ዊንጌት ተከተለ። ጣሊያን የተማረውን ወጣት ፈጅቶት ስለነበር አገሪቱ የተማረ ሰው በአስቸኳይ ያስፈልጋት ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን በየጠቅላይ ግዛቱ አልነበረም። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤቱን ወደ ልጁ መውሰድ ካልቻልክ ልጁን ወደ ትምህርት ቤቱ ታመጣዋለህ።

ዓላማው ይኼ ይሁን እንጂ ውጤቱ ከዓላማው ሰፋ። የአምቦ አካባቢው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ የሐረሩ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ የአድዋው መለስ ዜናዊ በተለያየ ዘመን ዊንጌት ተምረዋል። ባለቅኔ፣ ሠዓሊ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር። ከሦስት አቅጣጫ የመጡ ልጆች ያለፉበት አንድ በር ማለት ነው። ግቢው ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። አንድ አገር ከየማዕዘኑ የመጡ ልጆችን አንድ ጣሪያ ስር ስታሳድር ግን ከትምህርት በላይ የሆነ ነገር እየሠራች ነው። ምን እንደሆነ ከራሴ ዶርም ልጀምር።

የበሶ ምንዛሪ

12 ተደራራቢ አልጋ፣ 24 ልጅ፣ 24 ሎከር፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ አምፖል። ካፌው ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሽሮ፣ ራት ደግሞ «የምሳው ወንድም» ያቀርባል። ሥጋ ለበዓል ነው። ለ16 ዓመት ልጅ ይኼ እስከ እንቅልፍ ሰዓት አያደርስም። ስለዚህ ሁሉም ከእረፍት ሲመለስ ስንቅ ይዞ ይመጣል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። የአርሲው ልጅ እናቱ የሠራችውን ጭኮ ይዞ የመጣ ቀን ዶርሙ በዓል ይሆናል።

ብር ኪስ ውስጥ መያዝ ክልክል ነበር። ከቤት የሚላክልንን ቢሮ አስቀምጠን እያስፈቀድን ነው የምናወጣው። ብር በሌለበት ታዲያ ገበያ አይቀርም፤ በሶ ገንዘብ ሆነ። አንድ ኩባያ በሶ የአንድ ሳምንት ልብስ ያሳጥባል። ግማሽ ኩባያ የፊዚክስ አንድ ምዕራፍ ያስጠናል። ፀጉር መቆረጥ በስኳር ከሆነ በአንድ ማንኪያ፣ በቆሎ ከሆነ በሁለት እፍኝ። ደግሞ ምንዛሪው አንድ ቦታ አይቆምም። ሁሉም ከእረፍት በተመለሰበት ሳምንት በሶ ይረክሳል፤ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ወርቅ ይሆናል። ይኼን አይቶ ቆጥቦ የሚያስቀምጥና በመጨረሻው ወር የሚያወጣ ልጅም ነበረን። አሁን ባንክ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አልገረመኝም።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ አጭር ጽሑፍ አነበብኩ። ራድፎርድ የተባለ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ የጦር እስረኞች ካምፕ ውስጥ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመው ነው። እስረኞቹ ከቀይ መስቀል በሚደርሳቸው እሽግ ውስጥ ያለውን ምግብ ይለዋወጣሉ፤ ሲጋራ ገንዘብ ይሆናል፤ ዋጋም እንደ አቅርቦቱ ይወጣል ይወርዳል። ሲጋራውን አውጥታችሁ በሶ አስገቡበት፤ የኛ ዶርም ነው።

ግን አንድ ልዩነት አለ። እኛ ዘንድ ገበያው የማይገባባቸው ሁለት ቦታዎች ነበሩ። አንደኛው ሕመም ነው። ለታመመ ልጅ በሶ ይሰጣል እንጂ አይመነዘርለትም፤ የጠየቀ ሰው ለዓመት ይሰደባል። ሁለተኛው «ቆርቆሮው» ነው። ከእረፍት ስንመለስ እያንዳንዱ ከስንቁ የመጀመሪያውን ኩባያ በሩ አጠገብ ወዳለው አሮጌ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይጨምራል። ማን ስንት እንደጨመረ የሚመዘግብ የለም። ማን እንደበላም የሚጠይቅ የለም።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ከመሃላችን ከቤት ምንም የማይመጣላቸው ልጆች ነበሩ። ስንት እንደሆኑ ዛሬም አላውቅም፤ የቆርቆሮው ጥበብም ይኸው ነው። እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ «አበድሩኝ» ሳይሉ፣ እኩል ሆነው በሉ። ኢኮኖሚክስ ይኼን ኢንሹራንስ ይለዋል። እኛ አገር ደግሞ እድር አለ፤ የእድር አባል ሲያዝን ለምን ትደርሳለህ አይባልም። 14 እና 15 ዓመት የሆናቸው ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው እድር አቋቁመው ነበር ማለት ነው።

ውሃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት

የቧንቧ ውሃ የምትመጣው ሌሊት ነበር። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ድንገት ትመጣለች፣ ሳትሰናበት ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ለራሱ ነበር። 24 ልጅ 24 ጄሪካን ይዞ በጨለማ ይጋፋል፤ ጉልበተኛው ይቀዳል፤ የቀረው ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ክፍል ይገባል፤ ሁሉም ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል።

በሁለተኛው ወር ስብሰባ ተጠራ። ውሳኔው ይኼ ነበር፦ በየሌሊቱ ሁለት ሁለት ልጅ ተነስቶ የሁሉንም ጄሪካን ይሞላል፤ ሌላው ይተኛል። በ12 ቀን አንዴ ነው ተራ የሚደርሰው። ተራውን የዘለለ ልጅ መጀመሪያ በቀልድ ይነገረዋል። ከደገመ የእሱ ጄሪካን ባዶውን ያድራል። ከሠለሰ ለአንድ ሳምንት ብቻውን ይቀዳል። እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ሦስተኛው ቅጣት የደረሰበት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም አሁን ጠበቃ ነው፤ ይግባኝ ማለት ያኔ ነው የጀመረው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል በመሸለም የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ይኼንኑ ነበር። ሰዎች የጋራ ግጦሽን፣ የመስኖ ውሃን፣ ዓሣን ያለ ፖሊስና ያለ ባለቤት እንዴት አድርገው በሥርዓት ይጠቀማሉ? ደንቡን ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ሲያወጡት፣ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ቅጣቱም ከትንሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲያድግ ነው የሚሉት። እኛ የኖቤሉን ዜና አልሰማንም። ጄሪካን ብቻ ነው የነበረን።

አምፖሉ ከጠፋ በኋላ

ማታ 4 ሰዓት አምፖሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው ዶርም የሚባለው።

የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ ይሰማል። ብርድ ልብስ ውስጥ የታፈነ ለቅሶ። ናፍቆት ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብለን ያደግን ስለሆነ ማንም ምንም አይልም። «ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቅ ማዋረድ ነው። የሚደረገው ሌላ ነው። አንዱ ከላይኛው አልጋ ላይ ያለ ምክንያት ወሬ ይጀምራል። አንድ ጊዜ የሰፈሩን እብድ ታሪክ፣ አንድ ጊዜ የኳስ ጨዋታ፣ አንድ ጊዜ ፈጽሞ ያልሆነ የጅብ ታሪክ። ሌላው ይቀበለዋል። ሳቅ ይነሳል። ሳቁ የሚያለቅሰውን ልጅ ይሸፍንለታል። ትንሽ ቆይቶ እሱም ሲስቅ ይሰማል። ያኔ ወሬው ይቆምና ሁሉም ይተኛል።

ቋንቋም የምንማረው በዚያ ሰዓት ነበር። በእርግጥ የመጀመሪያው ትምህርት ስድብ ነው። ከፊኛ፣ ወላይትኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፤ በአራቱም መሳደብ ሳልችል 10ኛ ክፍል አልገባሁም። ከስድቡ ቀጥሎ የምግብ ስም ይመጣል፣ ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ «እናትህ ደህና ናት?» ማለት። የጓደኛህን እናት በስልክ በቋንቋዋ «ደህና ነሽ ወይ እማማ?» ብለህ ስታያት፣ ማለቴ ስትሰማት፣ ድምጿ ሲለወጥ ታውቃለህ።

መርዶ

10ኛ ክፍል ሳለን አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቦንጋው ልጅ አጎት ግቢ መጡ። አባቱ ሞተው ነበር። ልጁ ኳስ ሜዳ ነው። እንደ ባህላችን መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር፤ አጎቱም ነገ ሲነጋ ነው የምንገረው፣ ዛሬ እንቅልፉን ይተኛ አሉ። የዶርም ተጠሪው ተጠርቶ ተነገረው፤ እሱ ለኛ ነገረን።

23 የሚያውቁ፣ አንድ የማያውቅ። ያን ማታ ራት አብረነው በላን። የቤት ሥራ ሠራን። አምፖሉ ሲጠፋ፣ የሚገርመው፣ ወሬ የጀመረው እሱ ራሱ ነበር። አስቂኝ ነገር ነው ያወራው። ሳቅን። ሳንስቅ ብንቀር ያውቅብናላ።

ለሊት ላይ እሱ ሲተኛ ጓደኞቹ ቀስ ብለው ተነሱ። አንዱ ቦርሳውን አዘጋጀ። አንዱ ጥቁር ሱሪውን ከሎከር አውጥቶ ውሃ ረጭቶ ከራሱ ፍራሽ ስር አደረገና ተኛበት፤ ጠዋት ተተኩሶ እንዲደርስ። ቢሮ ካስቀመጥነው ብር ላይ ይቆረጥልን የሚል ወረቀት ጻፍንና ሁላችንም ፈረምን፤ ለጉዞውና ለለቅሶው። 12 ሰዓት ላይ አጎቱ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ገቡ።

እስከ ቦንጋ ሁለት ልጆች አብረውት እንዲሄዱ ተፈቀደ። አንዱ የሐላባ ልጅ፣ ሙስሊም፤ አንዱ የሰቆጣ ልጅ። ሲመለሱ እንደነገሩን እናትየው ለቅሶ ቤት እነዚህን የማታውቃቸውን ልጆች አይታ «እናንተስ የማን ልጆች ናችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። የሐላባው ልጅ ምን እንደሚል ጠፍቶት «የዶርም» አላት።

የቦንጋው ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፀጉሩን ተላጭቶ ተመለሰ። አልጋው ላይ ያመለጠው ትምህርት ሁሉ ማስታወሻ ተገልብጦ ተቀምጦለት ነበር፤ በየገጹ የእጅ ጽሑፉ ይለያያል።

ዶርም ሁሉ መልካም ነው ወይ?

አይደለም። ጨዋታ ብቻ አውርቼ ብተወው ውሸት ይሆናል። ወንዶች ብቻ የሚኖሩበት ቤት በቀላሉ የጉልበት ቤት ይሆናል። በኛ ግቢ ሌላ ዶርም ውስጥ አንድ ትልቅ ልጅ የ9ኛ ክፍሎችን ዳቦ ይቀማ ነበር። ካልሲውን የሚያጥቡለት እነሱ ናቸው። «አላጥብም» ያለው ልጅ ሌሊት ብርድ ልብስ አልብሰው ደበደቡት። ፕሮክተሩ ሲጠይቅ ማንም አልተናገረም። ምክንያቱም «የዶርም ነገር ዶርም ይቀራል» የሚለው ደንብ ቆርቆሮውን እንደሚጠብቅ ሁሉ ጉልበተኛውንም ይጠብቃል። አብሮነት ራሱ መሣሪያ ነው፤ ለማን እንደሚሠራ የሚወስነው ማን እንደያዘው ነው።

ነገሩ የተስተካከለው በምክር አይደለም። ሁለት ነገር ተቀየረ። አንደኛ፣ ፕሮክተሩ ከግቢው ማዶ ከሚገኘው ቤቱ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ባለ ክፍል ማደር ጀመረ። ሁለተኛ፣ ትልልቆቹን ለብቻ፣ ትንንሾቹን ለብቻ ማሳደር ቀርቶ ዶርሞቹ ተደባለቁ፤ እያንዳንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች በስም ተሰጡት። የልጆቹ ውጤት ቢወርድ፣ ቢታመሙ፣ ቢመቱ የሚጠየቀው እሱ ነው። ትልልቆቹ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ «ታናሼ» ማለት ጀመሩ።

ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ሲቀየር ጠባይ ተቀየረ። ቀሪው ጽሑፌ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው።

ውጤቱና አልጋው

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ አገር ደነገጠ። 900 ሺህ ገደማ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ም ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚህ ሁሉ መሃል ጎልተው የወጡት በአብዛኛው አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወላጅም ባለሥልጣንም አንድ ድምፅ ሆነ፤ መድኃኒቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ተማሪ እጁን ያነሳል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚቀበሉት በፈተና አበጥረው ነው። አስቀድሞ ጎበዝ የሆነውን ልጅ ወስደህ ጎበዝ ሆኖ ሲወጣ፣ ጉብዝናው የትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ልጁ ይዞት የመጣው? መብራት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የማታ ጥናትና ቋሚ ምግብ እንደሚያግዙ አያጠራጥርም። ግን ውጤቱን በሙሉ ለአጥሩ መስጠት አይቻልም።

ይልቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ብቻ ሊሠራው የሚችል፣ ተመላላሽ ትምህርት ቤት ቢፈልግም የማይሠራው አንድ ነገር አለ። ያልመረጥከውን ሰው ጎረቤትህ ያደርገዋል፤ ለአራት ዓመት።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ በተለይ በ2011 እና በ2012 ዓ.ም.፣ በየካምፓሱ የነበረው ብጥብጥ አይረሳም። ተማሪዎች ሞቱ፤ ትምህርት ተቋረጠ፤ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚያ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተለወጠ። 9ኛ ክፍል ስገባ እናቴ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምግቡ እንዴት ነው?» ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁን ወደ ሩቅ የሚልክ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዶርም ከእነማን ጋር ደረሰህ?» ሆነ። ወላጅ ፈርቶ ነው፤ አይፈረድበትም። ተማሪውም ፈርቶ ከአገሩ ልጆች ጋር ይቀያየራል። አስተዳደሩም ሰላም እንዲሆንለት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በመጨረሻ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት አገር ይፈጠራል።

ይኼ ፍርሃት አሁን በሌላ መንገድ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም ሊገባ ይችላል። ዛሬ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚሠሩት በአብዛኛው ክልሎችና የየአካባቢው የልማት ማኅበራት ናቸው። የሚቀበሉትም በአብዛኛው የየራሳቸውን ልጆች ነው። የሚመሰገኑበት ሥራ ነው፤ የደሃ ልጅ እየተማረ ነው። ግን ጎበዝ የሆነው ልጅ ከቤቱ ወጥቶ አራት ዓመት አድሮም፣ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ልጅ ጎን አንድ ሌሊት ሳይተኛ ሊወጣ ይችላል። ነገ ይኼ ልጅ ሚኒስትር ነው፣ ጄኔራል ነው፣ ዳኛ ነው።

አብሮ ማደር ለውጥ ያመጣል ወይስ የኔ ትዝታ ነው? በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመኝታ ክፍል ጓደኛ በእጣ ሲደርሳቸው የሆነውን ያጠኑ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች አሉ፤ ኮርኖ፣ ላ ፌራራ እና በርንስ ይባላሉ። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ከጥቁር ተማሪ ጋር ክፍል የደረሳቸው ነጭ ተማሪዎች ስለ ጥቁሮች የነበራቸው መጥፎ ግምት ቀነሰ። ከሌላ ዘር ተማሪ ጋር የኖሩ ጥቁር ተማሪዎች ደግሞ የትምህርት ውጤታቸው ተሻሻለ። ይኼ የሆነው አፓርታይድ በነበረበት አገር ነው። ዋናው ቃል «በእጣ» የሚለው ነው። መርጠው ቢሆን ኖሮ አብዛኛው የራሱን መሰል ይመርጥ ነበር።

አልጋ 17

የኛ ዶርም ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ክፍት የሥራ ቦታ ይለጠፍበታል፣ ደም የሚሰጥ ይፈለግበታል፣ ለሠርግ ይዋጣበታል። ስለ ፖለቲካ ስንጨቃጨቅ ደግሞ ግሩፑን ጥሎ የወጣ አለ፤ በሳምንቱ ተመልሶ የገባም አለ።

የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ከመሃላችን የአድዋው ልጅ ጠፋ። ስልክ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። በዚያ ጊዜ በግሩፑ ውስጥ ስለ ጦርነቱ የነበረው ሐሳብ አንድ አልነበረም፤ ወንድሙን ግንባር የላከም ነበር። ሆኖም ወር በገባ ቁጥር አንድ ሰው፣ አንዳንዴ ይኼው ወንድሙን የላከው ልጅ፣ «አልጋ 17?» ብሎ ይጽፋል። የልጁ የአልጋ ቁጥር ነው። መልስ የለም። በሚቀጥለው ወር ሌላው ይጽፋል። መስመሩ ከተከፈተ በኋላ አንድ ማታ መልስ መጣ። «አለሁ። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረ ነገር አለ?» ይላል። ያን ሌሊት ማንም አልተኛም። በነጋታው የተዋጣው ብር ተላከለት፤ ማን ስንት እንዳዋጣ አልተመዘገበም።

ይኼን የማወራው ጓደኝነት ጦርነት ያስቆማል ለማለት አይደለም። አላስቆመም። ግን በጣም ክፉ በሆነው ጊዜ ውስጥ ያን ልጅ በአልጋ ቁጥሩ የሚጠራው ሰው ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ አዳሪ ትምህርት ቤት ስትከፍቱ ከሕንፃው ንድፍ ጋር የአልጋ ድልድሉንም አስቡበት። ክልሎች ከየመቀበያ ኮታቸው ላይ ጥቂቱን ለሌላ ክልል ልጆች ይስጡ፣ በምትኩም የራሳቸውን ልጆች ይላኩ፤ ሒሳቡ ዜሮ ለዜሮ ነው፣ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ዶርም በእጣ ይደልደል፤ መቀያየር በምክንያት ብቻ ይሁን። ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር ይደባለቁ፣ ኃላፊነትም ይሰጣቸው። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የሚያድር፣ ደመወዙ የሚበቃው አዋቂ ሰው ይኑር። የወላጅ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ በዝምታ ሳይሆን በዚህ ሰው ነው የሚመለሰው።

ወላጆችም፣ ልጃችሁ መስከረም ላይ ሲደውል ጥያቄውን መጠየቃችሁ አይቀርም። ጠይቁት። የጓደኞቹን ስም ሲነግራችሁ ግን አንድ ነገር ጨምሩ፤ ለእረፍት ሲመጣ በሶውን ትንሽ አብዝታችሁ ቋጥሩለት።